ዘውዱን ደግፉ ብዬ የጮህኩበት የልደታ ጉዞ

ከአዲስ አበባ ስመለስ የበቆጂ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ከተማዋ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ናት» ብዬ ዝም አልኩ። እነሱ እንድነግራቸው የፈለጉት ስለ ፎቁና ስለ መብራቱ ነበር። እኔ ያየሁት ደግሞ አብዛኛውን የአብነትን ጭቃ፣ የአንድ ቆርቆሮ ሠሪ ቤትና የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ያንንም ቢሆን በቅጡ አልገባኝም። ዘመኑ የደርግ ስለነበር ያልገባን ነገር ማውራት አያዋጣም። አሁን ግን ጊዜው አልፏል። ልደታን ረግጣችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትረግጡ የአገሬ ልጆች፣ በየቀኑ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ለምን እንደሄድኩ ላስቀድም። ከበቆጂ ወጣ ብሎ ካለው ጋራ ሥር፣ ከማዶ ያለውን ወንዝ ወደ ስንዴው ማሳ የሚያሻግር የውሃ ዋሻ ይቆፈር ነበር። እኔ የዋሻው ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። አስተርጓሚ ያደረገኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እንጂ ስለ ዋሻ አንድ ነገር አውቄ አይደለም። መሐንዲሱ ሚስተር ኢቫን የሚባል የውጭ አገር ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ለእሱም የሰው ቋንቋ ነው። እሱ የቻለውን ይናገራል፣ እኔ የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ሠራተኞቹ የቀረውን ይገምታሉ። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከድንጋይ ቦርቧሪዎቹ አንዱ ነበርና፣ የተረጎምኩት ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በእሱ ራስ ላይ ነው።

የዋሻ ቋንቋ ግራ ያጋባል። ፈረንጆቹ ለእያንዳንዱ ቦታ ከሰው ገላና ከቤት ዕቃ ስም አውጥተውለታል። ቁፋሮው የደረሰበትን፣ ከፊት ለፊት የሚጋረጠውን የድንጋይ ግድግዳ «ፊት» ይሉታል። ፊት ብዬ ስተረጉም ሠራተኞቹ «የማን ፊት?» እያሉ አስቸገሩኝ፤ እኔም ግንባር አልኩት። ወዲያው «አዲሶቹ ሠራተኞች ከነገ ጀምሮ ወደ ግንባር ይሄዳሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። አዲሶቹ ሠራተኞች ጦር ሜዳ የሚላኩ መስሏቸው ሳይነጋ ጠፉ። ዋሻው ከላይ ቀድሞ ሲቆፈር ከታች የሚተርፈውን የድንጋይ እርከን ደግሞ «አግዳሚ» ይሉታል። «አግዳሚውን አንሡ» ብዬ ባስተላልፍ፣ ምሳ የምንበላበትን አግዳሚ ወንበር ተሸክመው አወጡት። ከራስ በላይ ያለውን የዋሻውን ቅስት የሚጠሩት «ዘውድ» ብለው ነው። እኔም ዘውድ አልኩት፣ ሠራተኛውም ዘውድ አለው። ንጉሡ ወርደው፣ ዘውድ የሚለው ቃል ከየቦታው በተፋቀበት ዘመን እኛ ጋራ ውስጥ ሆነን ቀኑን ሙሉ ዘውድ፣ ዘውድ እንል ነበር። ማናችንም ልብ አላልነውም።

አንድ ቀን ሚስተር ኢቫን አንድ ቃል ጮኸ። ምን ማለቱ እንደሆነ እርስ በርስ ስንተያይ ድንጋይ ወርዶ የአንድ ሰው እግር ሰበረ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ። ለዋሻው ሥራ ሁሉም የሚገባው አማርኛ እንዲወጣለት፣ ለዚህም አስተርጓሚዋ መጥታ ከንድፍ ክፍሉ ጋር እንድትሠራ ተባለ።

ሰኞ ማለዳ ደምሴ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ስንዴ የጫነ ፊያት የጭነት መኪና ነበር፤ ሾፌሩ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ብርዱ እንደ ወትሮው አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢዬን ተከናንቤያለሁ። ደምሴ በመስኮቱ በኩል የበሶ ቋጠሮ አቀበለኝና «ሸጋ ሸጋ ቃል ይዘሽልን ነይ፤ የሚያስቅ አይሁን» አለኝ።

ከአሰላ በአውቶቡስ ቀጠልኩ። ኢተያን አልፈን ወደ ናዝሬት ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ ጋቢውን አወለቅኩ፣ ሹራቡን አወለቅኩ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት «ልጄ፣ አዲስ አበባ ሳንደርስ ልብስሽ ሊያልቅ ነው» አሉኝ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን እያገላበጠ ጠየቀኝ።

«ወዴት ነሽ?»

«ልደታ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለቃላት።»

«ለምን?»

«ለቃላት። ቃላት ላወጣ።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጓደኛውን አየ። «እለፊ» አለኝ። አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላም በመስኮቱ በዓይኑ ይከተለኝ ነበር።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ሰው እንደ ጉንዳን ነው። በቆጂ በገበያ ቀን እንኳ የሚመጣውን ሰው ግማሹን በስም ታውቀዋለህ፤ እዚያ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ አንዱም አንዱን የሚያውቀው አይመስልም። የማርፈው አብነት፣ ጋሽ ከድር ቤት ነበር። ጋሽ ከድር የቆርቆሮ ሳጥን ሠሪ ናቸው፤ ድሮ በቆጂ ገበያ እየመጡ ሲሸጡ እኛ ቤት ያርፉ ስለነበር ከአባቴ ጋር ወዳጅ ናቸው። ከአፌ ግን አብነት ማለት ጠፍቶ ልደታ ወጣ። ባለታክሲው ወስዶ ልደታ ማርያም ደጃፍ አወረደኝ።

ዕለቱ ወር በገባ በአንደኛው ቀን፣ ልደታ ነበር። ነጠላ የለበሰ ሰው ደጁን ሞልቶታል። ጧፍ የሚሸጡትን አንዲት ሴት «የጋሽ ከድርን ቤት ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። በእኛ አገር ስም ከጠራህ በቂ ነው፣ ልጅ ተነሥቶ በር ድረስ ያደርስሃል።

«የቱ ከድር?» አሉኝ።

«ሳጥን የሚሠሩት።»

«ልጄ፣ አብነት እኮ ሁሉም ሳጥን ይሠራል» አሉና ሳቁ። ከዚያ ጧፋቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው፣ ሻንጣዬን ባንድ በኩል ይዘው፣ መዶሻ እስከሚሰማበት ሰፈር አደረሱኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ተመለሱ።

የአብነት መንደር ቤት ከቤት ተደጋግፎ የቆመ ነው፤ አንዱን ብትነቅለው ሌላው የሚወድቅ ይመስላል። በየበሩ ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፣ ይሰፋል። አንድ እግሬ ቦይ ውስጥ ገብቶ ጫማዬ ጭቃ እንደሞላ ጋሽ ከድር ደጅ ደረስኩ። እሳቸው መዶሻቸውን እንደያዙ ተነሡ፤ ባለቤታቸው እትዬ ሸምሲያ ግን ስለ እኔ ከመጠየቃቸው በፊት ጫማዬን አውልቀው መታጠቢያ ውሃ አቀረቡ። ራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር። ቆጮውን እንደ ዳቦ በእጄ ይዤ ስገምጥ እትዬ ሸምሲያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አቆራረሱን አሳዩኝ። ሥጋ አላቀረቡም። እነሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ባረዱት ሥጋ እንዳልሳቀቅ አስቀድመው አስበውበት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ከድር መጀመሪያ ቀበሌ ወሰዱኝ፤ እንግዳ ያሳደረ ማስመዝገብ ነበረበት። ሊቀመንበሩ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ስሜን ጻፈ፣ ከየት እንደመጣሁ ጻፈ፣ «ሥራ?» ሲለኝ «ዋሻ» አልኩት። ብዕሩን አንሥቶ ትንሽ አሰበና ሳይጽፈው አለፈ።

መሥሪያ ቤቱ ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም አይርቅም። የንድፍ ክፍሉ ሠራተኛ አቶ መስፍን ይባላሉ፤ ጠቆር ያሉ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ዋሻ ሲስሉ ኖረዋል እንጂ ገብተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ገብቼ አውቃለሁ እንጂ ምን እንደገባሁበት አላውቅም። ሁለታችን ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ትልቅ ንድፍ ከበን ተቀመጥን።

የዋሻው ወለል ወለል ተባለ፤ እሱ ቀላል ነበር። የተፈነዳውን ድንጋይ ማውጣት «ጠረጋ» ተባለ። በዓለቱ ስንጥቅ የሚገባውን ውሃ ምን እንበለው ስንባባል አቶ መስፍን ካሰቡ በኋላ «ሰርጎ ገብ ውሃ» አሉ። ያን ጊዜ ሬድዮው ጠዋት ማታ ሰርጎ ገብ እያለ ስለ ጠላት ሲያወራ ይውል ነበርና ሁለታችንም ወደ በሩ አየን። «ውሃ የሚለው እስካለበት ድረስ ችግር የለውም» አሉ ቀስ ብለው። ቅስቱ ላይ ስንደርስ እኔ «ዘውድ ነው የምንለው» አልኩ።

ተነሥተው በሩን ዘጉት።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁላችንም። ሠራተኛው በሙሉ።»

«በላይነሽ፣ ይህን ቃል እኔ በእጄ አልጽፈውም። የልጆች አባት ነኝ።»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

«ነገ እንየው» አሉኝ። ቦታውን ባዶ ትተን ዋልን።

ማታ ጋሽ ከድር ምን ሠርቼ እንደዋልኩ ጠየቁኝ። ለአንድ ድንጋይ ስም ስናወጣ ውለን ሳይሳካልን ቀረ ማለት አሳፈረኝና «ጽሕፈት» አልኳቸው።

ረቡዕም ስለዚያው ቃል ስንጨቃጨቅ ረፈደ። ጉልላት አልን፣ ቤተ ክርስቲያን መሰለ። ጣሪያ አልን፣ ሠራተኛው ቆርቆሮ ሊፈልግ ነው። ከሰዓት በኋላ አቶ መስፍን ለስብሰባ ሲጠሩ እኔ ወደ ሜክሲኮ ስልክ ቤት ሄድኩ። ከደምሴ ጋር ረቡዕ በቆጂ ካለው ስልክ ቤት እንዲጠብቀኝ ተቀጣጥረን ነበር። አዳራሹ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል። በቆጂ ስልክ የሚደውለው አንድ ሰው ከሆነ የሚያዳምጠው ሦስት ነው፤ እዚህ ሁሉም ወደየራሱ ያያል ብዬ ደስ አለኝ። ተራዬ ደርሶ «በቆጂ» ብለው ጠሩኝ።

የደምሴ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «ዘውዱ ተሰንጥቋል» አለኝ።

«ምን?»

«ዘውዱ! ከትናንት ጀምሮ ስንጥቁ እየሰፋ ነው። ውሃም ይንጠባጠባል።»

«ሚስተር ኢቫን የት አለ?»

«ታሞ አሰላ ነው ያለው። ማድረግ ያለብንን በወረቀት ትቶልናል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚያነበው ጠፋ። አለቃው ግን ዛሬ ማታ ግቡ ይላል።»

ፊደል ፊደሉን እየጠራ አነበበልኝ። ወረቀቱ የድጋፍ ብረቶቹን አቁሙ፣ ቅስቱን ደግፉ፣ ከዚያ በፊት ግን ሰው ሁሉ ከሚቆፈረው ግድግዳ ይራቅ የሚል ነበር። መስመሩ ይሄዳል ይመጣል፤ እኔም መጮኼን አላወቅሁትም።

«ዘውዱን ደግፉ ነው የሚለው!»

«ዘውዱን ምን?»

«ደግፉ! ዘውዱ እንዳይወድቅ ደግፉት! መጀመሪያ ግን ሰዉ ግንባሩን ይልቀቅ! ሁሉም ከግንባር ይውጣ! ሰርጎ ገቡ በየት በኩል ነው?»

«ሰርጎ ምን?»

«ሰርጎ ገብ! አሁን የምንለው እንደዚያ ነው!»

መልስ አልሰማሁም። አንዳች ነገር ጎሎ ታወቀኝና ዘወር ስል አዳራሹ ፀጥ ብሏል። ከወረፋው ውስጥ አንዲት እናት ልጃቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አድርገዋል። ጠመንጃ የያዘው ጥበቃ አጠገቤ ቆሟል።

«ስልኩን አስቀምጪ፣ እህቴ። ነይ ከኔ ጋር» አለኝ።

«ወንድሜ ነው፤ ዋሻ ውስጥ…»

«አስቀምጪ።»

አስቀመጥኩ። ደምሴ ይስማኝ አይስማኝ አላወቅሁም። ከሰማስ የቱን ሰማ? ደግፉ የሚለውን ብቻ ሰምቶ ከሆነ ገብቶ ይደግፋል። ውጡ የሚለውን ሰምቶ ከሆነ ይወጣል። ከአንዲት እህት አፍ የወጡ ሁለት ትእዛዞች፣ አንዱ የሚያድን ሌላው የሚገድል።

ወረቀቴ ላይ የማርፍበት ስለተጻፈ ለአብነቱ ቀበሌ አስረከቡኝ። ያው ሊቀመንበር ነው። ጥበቃው በስልክ ያልኩትን ቃል በቃል፣ ሳይሳሳት ነገረው። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጠ።

«ዘውድ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ከላይ ያለው ነው።»

«ከማን በላይ?»

«ከሁላችንም። እኛ ከሥሩ ነው የምንሠራው።»

ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተሰነጠቀ ያልሽው?»

«አዎ፣ ሊወድቅ ነው።»

«እንዳይወድቅ ነው የምትፈልጊው?»

«አዎ! ከወደቀ ሰው ያልቃል።»

«ግንባሩስ የት ነው?»

«በየቀኑ ቦታው ይለያያል። ወደፊት ይሄዳል።»

«ሰው ሁሉ ጥሎ ይውጣ ብለሻል።»

«ሰርጎ ገብ ስላለ ነው።»

«ሰርጎ ገቡ ማን ነው?»

«ውሃ።»

ሊቀመንበሩ ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እንዲያው ግራ የገባው ሰው ነበር፤ የእሱ ግራ መጋባት ከእኔው ጋር ሲደመር ክፍሉ ጠበበን። ዋሻ፣ ቁፋሮ፣ ድንጋይ እያልኩ ከመጀመሪያው ላስረዳው ሞከርኩ። በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ ይብስ ነበር። «እዚህ ትቆያለሽ። ነገ ከሰዓት በኋላ ከከፍተኛው መኪና ይመጣል» አለኝ። ከቀበሌዎቹ በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መኪና መጣ ማለት ሰው ተወስዶ ቀረ ማለት እንደሆነ በቆጂም ቢሆን እናውቅ ነበር።

«እኔ ልቆይ። ግን እባክዎ አንድ ስልክ ብቻ ልደውል፣ ወንድሜ ድንጋይ ሊወርድበት ነው» አልኩት።

«ያንኑ ልትደግሚለት ነው?»

ምን ልበል? ሌላ ቃል አልነበረኝም። ያንኑ ነበር የምደግምለት።

ያደርኩት ከቢሮው ጀርባ ባለች ክፍል ነው። እትዬ ሸምሲያ ብርድ ልብስና በሰሀን የተከደነ ምግብ ይዘው መጡ። የቀበሌው ጥበቃ ሊከለክላቸው ሲል «ልጁን ክርስትና ያነሣኸው ጎረቤትህ ሲታመም ምግብ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ነው የማታውቀኝ?» ብለውት ገቡ። ምን እንዳደረግሁ አልጠየቁኝም። «ብዪ» ብቻ አሉኝ። በላሁ፣ ምን እንደበላሁ ግን አላስታውስም። ዓይኔን ስጨፍን የማየው ያንን ቅስት፣ ከሥሩም የደምሴን ቢጫ ቆብ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ከድር የሥራ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። «ዋስ ልሆናት ነው የመጣሁት» አሉ።

«ጋሽ ከድር፣ ምን እንዳለች ሰምተዋል?» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ገባዎት?»

«አልገባኝም። አባቷን ግን አውቃለሁ። ቤቱ አርፌ፣ በሳጥኔ ላይ አንድ ቀን እንኳ እጁ አላረፈም። የእሱ ልጅ ክፉ ልታደርግ አዲስ አበባ ድረስ አትመጣም።»

«ነገ እኔን ቢጠይቁኝስ?»

«እኔን ጥራ። ቤቴን ታውቀዋለህ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ጋሽ ከድርም አልሄዱም፤ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከደጅ የአብነት መዶሻ ይሰማል። የእሳቸው ግን በዚያ ውስጥ እንደሌለ ሳስብ እንባዬ መጣ።

ለምሳ ሲቃረብ አቶ መስፍን ገቡ። ማልደው ሲጠብቁኝ ስቀር ጋሽ ከድር ቤት ሄደው ኖሯል፤ ነገሩን የነገሯቸው እትዬ ሸምሲያ ናቸው። ንጹሑ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። የተጠቀለለውን ንድፍ በብብታቸው ይዘዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ዋሻ ነው» አሉና ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ይህ ወለሉ ነው። ይህ የሚቆፈረው ግድግዳ ነው፣ ግንባር ያለችው ይህን ነው። ይህ ከላይ ያለው ቅስት ደግሞ…» እኔን አዩኝ። «ዘውድ ይባላል። በውጭ አገር መጽሐፍ ሁሉ ዘውድ ነው የሚለው። ሰርጎ ገብ የሚለውን ቃል ያወጣሁትም እኔ ነኝ። እሷን የምትጠይቃት ከሆነ እኔንም ጠይቀኝ።»

ሊቀመንበሩ ንድፉ ላይ አጎነበሰ። ጣቱን ቅስቱ ላይ እያንሸራተተ ብዙ ቆየ። «ሰዎቹ የሚቆሙት እዚህ ሥር ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ወንድሜም እዚያ ነው የሚቆመው።»

«ይኼ ነው የተሰነጠቀው?»

«ይኼ ነው።»

ከዚያ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «ታዲያ ስንት ቃል እያለ ዘውድ ትላላችሁ? በዚህ ጊዜ? አናት አትሉትም?»

እኔና አቶ መስፍን ተያየን። አናት። የራስ ላይኛው፣ የሁሉም ላይኛው። ሁለት ቀን ስንፈልገው የዋልነው ቃል ነበር።

«አናት ይሆናል» አሉ አቶ መስፍን ቀስ ብለው።

«ግንባሩንም ቀይሩት። ፊት በሉት።»

«የማን ፊት ይላሉ» አልኩት።

«ይበሉ። ጦር ሜዳ ከሚመስላቸው ይሻላል።» ጋሽ ከድርን በዋስነት አስፈርሞ ለቀቀኝ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲመጣ «ጉዳዩ ተጣርቷል፣ የሥራ ቃል ነው» ብሎ መለሰው። ያን ማለት ያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ ስሙን ስላልጠየቅሁት ይቆጨኛል። ስልክም አስደወለኝ፣ ጥበቃው አጠገቤ ቆሞ። በቆጂ ያለው ስልክ ቤት ግን አልመለሰም። ደግሜ ሞከርኩ፣ አልመለሰም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ጋሽ ከድር አውቶቡስ ተራ አደረሱኝ። እትዬ ሸምሲያ በመንገድ የምበላው ቋጥረውልኛል። አውቶቡሱ ውስጥ አንድም ሰው አላነጋገርኩም። ኬላው ላይ ያው ወታደር አየኝና «ቃላቱን አገኘሽ?» አለኝ። «አገኘሁ» አልኩት። ናዝሬት ላይ ሙቀቱ አልተሰማኝም፣ አሰላ ላይ ብርዱ አልተሰማኝም። ከአሰላ ባገኘሁት የጭነት መኪና ወደ ዋሻው የሚያስገባው መንገድ ላይ ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ።

የሞተሩ ድምፅ የለም። ጋሪዎቹ ቆመዋል። ከዋሻው አፍ ጭቃና ድንጋይ ተንዶ ወጥቶ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል። ዘበኛው ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«መቼ ነው?» አልኩት።

«ረቡዕ ማታ። እንዳለ ወረደ።»

«ሰዎቹስ?»

«ሰው የለም።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው ደንግጦ ተነሣ። «ውስጥ ሰው የለም ማለቴ ነው፣ በላይነሽ! ሁሉም ወረዳ ናቸው!»

«ወርደው ነው?»

«ወረዳ! የወረዳው አስተዳደር ግቢ! ከረቡዕ ጀምሮ እዚያ ናቸው። ሥራ አንገባም ብለዋል።»

ከተማው ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። በአስተዳደሩ ግቢ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የደምሴ ፈረቃ ሰዎች በሙሉ ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ሚስቶቻቸው ያመጡትን ቂንጬ ይበላሉ። ደምሴ ቆሞ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ይነጋገር ነበር። ሲያየኝ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

አቀፈኝ፣ ለቀቀኝ፣ ፊቴን አየው። «መቱሽ?»

«አልመቱኝም። አንተስ? ውጡ ያልኩህን ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ደግፉ ያልኩህንስ?»

«ከቁርጥራጭ ቃል በቀር ምንም አልሰማሁም፤ መስመሩ ይጮህ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ጥርት ብሎ የሰውየው ድምፅ መጣ፣ ስልኩን አስቀምጪ፣ ነይ ከኔ ጋር ሲልሽ።» ወደ ሰዎቹ ዞሮ አያቸው። «እህቴን አሰሯት አልኳቸው። በላይነሽን ሳያስፈቱ አንገባም አሉ፤ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሁሉም ተነሥተው ተከተሉኝ። የወረደው እኛ እዚህ ተቀምጠን ሳለ ነው።»

ልሳቅ ይሁን ላልቅስ አላወቅሁም። ከሰዎቹ አንዱ ጋቢውን አንጥፎ ቦታ ለቀቀልኝ፣ ሌላው ቂንጬውን አቀረበልኝ። ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት ነገር ቢኖር ጥቂት ቃላት ነበሩ፤ ያን ቀን አንዱንም አላስታወስኳቸው። ከመሃላቸው ተቀምጬ በላሁ።